ክሬም ወይስ ኦፍ ዋይት? የሁለት ተቀራራቢ ቀለሞች ልዩነት ስንት ያወጣል?

በመርካቶም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች የቀለም ካርድ ባንኮኒ ላይ ዘርግቶ የሚከራከር ደንበኛ አይጠፋም። ክርክሩ በነጭና በሰማያዊ መካከል ቢሆን ኖሮ በ5 ደቂቃ ባለቀ ነበር። ሰዓት የሚፈጀው በካርዱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዓይንን አጥብበው ካላዩዋቸው በቀር የማይለዩት ሁለት ቀለሞች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜም አንደኛው ክሬም፣ ሌላኛው ኦፍ ዋይት ሆነው ይገኛሉ። ባለንብረቱ አንዱን ይመርጣል፤ ባለቤቱ ሌላውን። ቀለም ቀቢው «ሁለቱም ያው ናቸው» ይላል። ባለ መደብሩ ደግሞ በመጋዘኑ የበዛለትን ማመስገኑ አይቀርም።

ቀቢው ከሚባለው በላይ ለእውነት ቀርቧል። ግድግዳ ላይ ካረፉ በኋላ ሁለቱን ቀለሞች ለይቶ የሚያውቅ ተከራይ ወይም ገዢ ብዙ አይደለም። የወጪያቸው ልዩነት ግን ከመልካቸው ልዩነት ይሰፋል። አንዱ በ2 እጅ ሲሸፍን ሌላው ሦስተኛ እጅ ሊጠይቅ ይችላል። አንዱ ከ2 ዓመት በኋላ ያንኑ መልክ ይዞ ሲገኝ ሌላው ፈጽሞ ላይገኝ ይችላል።

ጉዳዩ ዛሬ ክብደት ያገኘው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የጥሬ ዕቃው ዋጋ ነው። ለቀለም ነጭነትና ሸፋኝነት የሚሰጠው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ዱቄት ከውጭ የሚገባ ነው። የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በአገር ውስጥ ፋብሪካ የተመረተ ቀለም እንኳ ግማሽ ነፍሱ በዶላር የተገዛ ነውና አንድ ጣሳ ማባከን እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው የኪራይ ሕጉ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። የኪራይ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲሆን አድርጓል። ስለዚህ አከራዩ በየጊዜው የሚያወጣውን የማደሻ ወጪ እንዳሻው በኪራዩ ላይ መጫን አይችልም። የቀባው ቀለም ውሉን የሚያህል ዕድሜ ሊኖረው፣ ሲቆሽሽም በጥቂት ወጪ የሚጠገን ሊሆን ይገባል።

ጣሳው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

በተለምዶ ፕላስቲክ ቀለም የሚባለው የውስጥ ግድግዳ ቀለም በዋናነት ውኃ፣ ማጣበቂያ፣ ነጭ ዱቄትና መሙያ ነው። ነጩ ዱቄት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሲሆን መሙያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከኖራ ድንጋይ የሚገኘው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሁለቱም ለዓይን ነጭ ናቸው፤ ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንድ ዱቄት ከሥሩ ያለውን ግድግዳ የሚሸፍነው ብርሃንን በመስበርና በመበተን ነው። ታይታኒየም ብርሃን የመስበር አቅሙ 2.7 ገደማ ሲሆን ካልሲየም ካርቦኔት 1.6፣ ማጣበቂያው ደግሞ 1.5 ገደማ ነው። 1.6 እና 1.5 ስለሚቀራረቡ መሙያው በማጣበቂያው ውስጥ ሲገባ መስታወት ውስጥ እንደገባ መስታወት ይሆናል፤ ብዙም አይታይም። ሸፋኙ ታይታኒየሙ ነው፤ ውዱም እሱ ነው።

መሙያ የበዛበት ርካሽ ቀለም ሲደርቅ ነጭ የሚመስለው በዱቄቱ መካከል በሚቀረው አየር የተነሳ ነው። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በደረቀው ቀለም ላይ በውኃ የራሰ ጣት ማሳረፍ ይበቃል። ውኃው አየሩን ስለሚተካ ቦታው ወዲያው ከጠቆረና የታችኛውን ግድግዳ ማሳየት ከጀመረ ነጭነቱ የታይታኒየም ሳይሆን የአየር ነበር ማለት ነው። በጅምላ የሚገዙ ነጋዴዎች ከጣሳው ጽሑፍ ይልቅ ይህን ሙከራ ቢያምኑ ይሻላቸዋል።

ወደ ክሬምና ኦፍ ዋይት እንመለስ። ሁለቱም በአብዛኛው ከአንድ ነጭ መሠረት የሚነሡና በጥቂት ማቅለሚያ ብቻ የሚለያዩ ናቸው። ያቺ ጥቂት ማቅለሚያ ግን ሥራዋ ቀላል አይደለም። ጥቂት ጥቁር ወይም የብረት ኦክሳይድ ቢጫ የገባበት ቀለም ብርሃኑን በከፊል ስለሚውጥ ከሥሩ ያለውን ቆሻሻና ጠቃጠቆ ከንጹሕ ነጭ በተሻለ ይሸሽጋል። የብረት ኦክሳይድ ቢጫ ወደ ቅቤ ወይም ወደ አፈር የሚያደላ መልክ ይሰጣል፤ ሸፋኝም ነው። ወደ ሎሚ የሚያደላው ደማቅ ቢጫ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ከሌላ ዓይነት ማቅለሚያ ሲሆን የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነው። እንግዲህ ሁለት ክሬሞች ጎን ለጎን ቢቀርቡና አንደኛው ቅቤ፣ ሁለተኛው ሎሚ ቢመስል በወጪ ረገድ ቅቤው ይመረጣል።

ይህ በብር ሲተረጎም ምን ማለት ነው? 4 በ4 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.80 ሜትር የሆነ ክፍል ይወሰድ። የአራቱ ግድግዳዎች ስፋት 44.8 ካሬ ሜትር ነው። በርና መስኮት ሲቀነሱ ወደ 41 ይወርዳል። በደንብ በተለሰነና ስቱኮ በተደረገ ግድግዳ ላይ 1 ሊትር ለ1 እጅ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ቢባል 2 እጅ ለመቀባት 8.2 ሊትር ያስፈልጋል። ሦስተኛ እጅ ከተጨመረ 12.3 ሊትር ይሆናል። ጋሎኑ 4 ሊትር ተደርጎ ቢቆጠር ሦስተኛው እጅ በየክፍሉ 1 ጋሎን ይበላል ማለት ነው። 12 ክፍል ያለው ሕንፃ 12 ጋሎን ይጨምራል። የቀቢው የእጅ ዋጋ በዚህ ላይ ነው። ቤቱ ሳይከራይ የሚቆይባቸው ቀናትም አሉ፤ እነዚህን በሒሳብ መዝገቡ የሚያሰፍር አከራይ እምብዛም ባይኖርም ኪሳራነታቸው አይቀርም።

ካርዱ ለምን ያታልላል?

በካርድ ላይ ሁለት ቀለሞችን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማወዳደር የተለመደ ዘዴ ነው። ለግዢ ውሳኔ ግን ደካማ ነው። ዓይን ጎን ለጎን የተቀመጡ ነገሮችን ልዩነት ያጎላል። ኦፍ ዋይቱ ከክሬሙ አጠገብ ሲሆን ግራጫ ይመስላል፤ ክሬሙ ከኦፍ ዋይቱ አጠገብ ሲሆን ቢጫ ይመስላል። ግድግዳው ላይ የሚውለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ተከራዩም ሆነ ገዢው ያልተመረጠውን ስለማያይ ባለንብረቱን ያስጨነቀው ልዩነት ለእነሱ የለም።

ቀለሙ መወዳደር ያለበት አጠገቡ ከሚኖሩት ነገሮች ጋር ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞም ከወለሉ ሴራሚክ ጋር። ወለሉ ክሬማማ ወይም ቡናማ ሆኖ ሳለ ግድግዳው ንጹሕ ነጭ ሲሆን ወለሉን የቆሸሸ ያስመስለዋል። ግራጫ ሴራሚክ ላይ ክሬም ግድግዳ ሲመጣ ደግሞ ክሬሙ ያረጀ ነጭ ይመስላል። ሴራሚክ የሚቀየር ዕቃ አይደለም። ስለሆነም ከመርካቶ ወደ ቤት ካርድ ከመውሰድ ይልቅ ከቤት ወደ መርካቶ አንድ ስባሪ ሴራሚክ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ሌላም ማታለያ አለ። በክፍል ውስጥ ብርሃን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላተመ ይመላለሳል። ክሬም ግድግዳ በእያንዳንዱ ግጭት ከብርሃኑ ውስጥ ጥቂት ሰማያዊውን ይውጣል። ከጥቂት ምልልስ በኋላ ክፍሉ ካርዱ ላይ ከታየው ይበልጥ ቢጫ፣ ይበልጥም ደማቅ ሆኖ ይገኛል። በሁለት ተቀራራቢዎች መካከል ያመነታ ሰው ፈዘዝ ያለውን ቢወስድ ግድግዳው ላይ የሚያገኘው በካርዱ ላይ የወደደውን ደማቁን ሊሆን ይችላል።

በውጭ ፋብሪካዎች ካታሎግ ላይ ከቀለሙ ጎን ከ0 እስከ 100 የሚደርስ ቁጥር ይገኛል። ይህ ቀለሙ ከሚያርፍበት ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚመልስ የሚያሳይ ነው። 0 ፍጹም ጥቁር፣ 100 ፍጹም ነጭ ነው። ነጭ የሚባሉት የግድግዳ ቀለሞች ከ85 እስከ 90 አካባቢ፣ ኦፍ ዋይትና ክሬም ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብለው ይገኛሉ። የሁለቱ ቁጥር በ2 ወይም በ3 ብቻ ከተለያየ በብርሃን ረገድ ልዩነት የለም ብሎ ወደ ሌላው መመዘኛ ማለፍ ይቻላል። በ8 ወይም በ10 ከተለያየ ግን ለጨለምተኛ ኮሪደር ትርጉም አለው።

የአዲስ አበባ ፀሐይ እንደ አውሮፓ አይደለችም

ከእነዚሁ ካታሎጎች ጋር አንድ ምክር ተያይዞ ይመጣል፦ መስኮቱ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ብርሃን ስለሚያገኝ ክሬም ይቀባ፤ ወደ ደቡብ የሚያየው ነጭ ይቀባ የሚል። ምክሩ ለለንደን ወይም ለስቶክሆልም ትክክል ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ነው የምትገኘው። ከሚያዝያ መጀመሪያ ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በቀረው ጊዜ በደቡብ ናት። ከሰሜንና ደቡብ ይልቅ እዚህ ወሳኙ ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ምሥራቅ የሚያየው ክፍል ጠዋት፣ ምዕራብ የሚያየው ከሰዓት በኋላ ቢጫማ ብርሃን ይጎርፍበታል። በእነዚህ ክፍሎች ክሬም ከመጠን በላይ ቢጫ ስለሚሆን ኦፍ ዋይቱ ይመረጣል።

የኮንዶሚኒየምና የአፓርታማ ባለቤቶች ደግሞ አቅጣጫውን ትተው ፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ ቢያዩ ይበጃል። ብዙ ክፍሎች ሰማይ ሳይሆን የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያዩት። የሚገባው ብርሃን የዚያን ግድግዳ ቀለም ተሸክሞ ይመጣል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ መስመር ያሉ ብዙ ሕንፃዎች የፊት ግድግዳቸው እንደገና በመቀባቱ ፊት ለፊታቸው ያሉ ክፍሎች ብርሃንም ሳይነኩ ተለውጧል። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ አንጸባራቂ መስታወት የተገጠመለት ቢሮም እንዲሁ ነው። በአረንጓዴ መስታወት ውስጥ በሚገባ ብርሃን ክሬም ወደ ያልበሰለ ሎሚ ያዘነብላል።

ጨለማ ክፍልን ለማብራት ነጭ መቀባት ይሻላል የሚለው እምነት የቆየ ነው፤ በመጠኑም ቢሆን ትክክል ነው። ነገር ግን ብርሃን በሌለበት ነጭ የሚመልሰው ነገር ስለሌለው ጥጋ ጥጉ ግራጫ መስሎ ይታያል። ምድር ቤት ያለ፣ ግንብ የሚያይ ክፍል በክሬም ቢቀባና በጥሩ አምፑል ቢታገዝ የተሻለ ይከራያል።

የመብራቱ ነገር ራሱን የቻለ ነው። በገበያው ላይ ያሉት የኤልኢዲ አምፑሎች በሁለት ይከፈላሉ፦ 3000 ኬልቪን አካባቢ ያለው ቢጫማው፣ እና 6500 ኬልቪን የሆነው ነጩ። በቢጫማው አምፑል ሥር ክሬምና ኦፍ ዋይት አንድ ይሆናሉ፤ አምፑሉ ራሱ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚያንሰው ልዩነታቸው የሚታይበት አጋጣሚ የለም። በነጩ አምፑል ሥር ግን ክሬሙ ይደበዝዛል፣ ንጹሕ ነጭ ደግሞ ሰማያዊ ያጠቅሳል። የመደብሮቹ መብራት አብዛኛው ይኸው ነጩ ዓይነት ነው። እናም ካርዱን ይዞ ወደ በሩ መውጣት የሞኝ ሥራ አይደለም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ትንሿን ጣሳ ገዝቶ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ካርቶን ወይም ኮምፔንሳቶ 2 እጅ መቀባት ነው። ሲደርቅ አንድ ጊዜ መስኮቱ ባለበት ግድግዳ፣ አንድ ጊዜ ከመስኮቱ ትይዩ አቁሞ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ማየት። እርጥቡን አይቶ መወሰን አይገባም። ማጣበቂያው እርጥብ ሳለ ወተት የመሰለ ስለሆነ ቀለሙ ሲደርቅ ጠቆር ይላል።

ከ2 ዓመት በኋላ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለአንድ ጊዜ ግዢ ነው። ለአከራይና ለባለ ሕንፃ ዋናው ሒሳብ የሚመጣው ተከራይ ሲለቅ ነው። ሶፋ የተደገፈበት፣ የመብራት ማብሪያው ዙሪያ፣ የሕፃናት እጅ የደረሰበት ግድግዳ መጠገን አለበት። ያው ቀለም ከተገኘ ከጥግ እስከ ጥግ አንዱን ግድግዳ ብቻ ቀብቶ መገላገል ይቻላል። ይህ ከላይ በተጠቀሰው ክፍል 11.2 ካሬ ሜትር፣ በ2 እጅ 2.2 ሊትር ገደማ ነው። ያው ቀለም ካልተገኘ ግን ክፍሉ በሙሉ ይቀባል፤ 8.2 ሊትር። በየክፍሉ ከ3 እጥፍ ተኩል በላይ ልዩነት ያለው ይህ ወጪ በመጀመሪያው ቀን በባንኮኒው ላይ የተወሰነ ነው።

ቀለም የማይደገምባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ዋነኛው ቀቢው ራሱ በነጭ ጣሳ ላይ ማቅለሚያ እያንጠባጠበ በዓይን መጠን የሚያዋህደው ነው። ዋጋው ርካሽ፣ መልኩም ያማረ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቀመሩ ያለው በቀቢው ዓይን ውስጥ ነውና ቀቢው ሌላ ሥራ ላይ ሲሄድ ቀመሩም አብሮ ይሄዳል። በማሽን የተዋሐደ ቀለም ቁጥር ስላለው የተሻለ ነው። ሆኖም ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው መጠነኛ ልዩነት አይጠፋም። ፋብሪካው ዝግጁ አድርጎ በብዛት የሚያመርተው መደበኛ ክሬም ወይም ኦፍ ዋይት ግን በየመደብሩ የሚገኝ በመሆኑ ለመድገም ይቀላል። በሁለት ተቀራራቢዎች መካከል አንዱ ዝግጁ፣ ሌላው በትእዛዝ የሚዋሐድ ከሆነ ለሚከራይ ቤት ዝግጁው መመረጥ አለበት፤ ሌላው በመጠኑ ቢያምር እንኳ።

የአንዱን ፋብሪካ ክሬም በሌላው ፋብሪካ ክሬም ለመጠገን መሞከር የተለመደ ስሕተት ነው። ሁለቱ በመደብሩ መብራት አንድ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። የተሠሩበት ማቅለሚያ ከተለያየ ግን በሌላ ብርሃን ይለያያሉ። ቀን የተስተካከለው ጥገና ማታ አምፑል ሲበራ እንደ ድሪቶ ብቅ ይላል። ቀቢውም ባለ መደብሩም በዚህ አይወቀሱም፤ ቀለሞቹ ከመጀመሪያውም አንድ አልነበሩም።

አንጸባራቂነትም እንዲሁ ይረሳል። የአንድ ክሬም ደብዛዛና አንጸባራቂ ዓይነት ግድግዳ ላይ ሲታዩ ያላቸው ልዩነት ከክሬምና ከኦፍ ዋይት ልዩነት ይበልጣል። አንጸባራቂው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በአንጻሩ ከመስኮት በጎን የሚመጣ ብርሃን የልስኑን ጉድለት ሁሉ ያወጣበታል፣ የተጠገነውንም ቦታ ያሳብቃል። ለሳሎንና ለመኝታ ደብዛዛው፣ ለኩሽናና ለኮሪደር ሌላው ቢሆን ይመከራል።

በሩንም ማሰብ ያስፈልጋል። በሮችና የመስኮት ፍሬሞች በነጭ ሲንቴቲክ ከተቀቡ፣ ሲንቴቲኩ የዘይት ዝርያ ስለሆነ በጊዜ ብዛት በተለይም ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ቢጫ ይሆናል። የፕላስቲኩ ነጭ ግን እንዳለ ይቆያል። በ2 ዓመት ውስጥ ነጭ ግድግዳ መሐል ያረጀ በር ይታያል። ግድግዳው ኦፍ ዋይት ወይም ፈዛዛ ክሬም ከሆነ የበሩ መቢጨት ሳይታወቅ ያልፋል። በዚህ ነጥብ ላይ ክሬም ቀሚሶቹ ከነጭ ለባሾቹ ይበልጣሉ።

ለሽያጭ ብቻ ለሚቀባ ቤት ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አያስፈልግም። ገዢው እንደ ፈቀደው እንደገና ይቀባዋል። ደላሎች በቴሌግራም የሚለቁት ፎቶግራፍም በክሬምና በኦፍ ዋይት መካከል አይለይም፤ የስልኩ ካሜራ ነጩን በራሱ ስለሚያስተካክል ቢጫውን ያጠፋዋል። እዚያ የሚታየው የክፍሉ ብርሃናማነትና ንጽሕና ነው። ስለዚህ ሻጩ የረከሰውን ቢወስድ አይከሰስም። አዲስ ልስን ከሆነ ግን ቢያንስ 4 ሳምንት ሳይደርቅ እንዳይቀባ፤ ከሲሚንቶው የሚወጣው ጨው ርካሹንም ውዱንም ቀለም ያበላሻል።

ለማከራየት የሚቀባ ሰው ለክፍሉ የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ የምርት ቁጥር መግዛት ይኖርበታል። ቁጥራቸው የተለያዩ ጣሳዎች ከገጠሙት በአንድ በርሜል ገልብጦ አዋሕዶ ይቀባ፤ ካልሆነም አዲሱን ጣሳ ከግድግዳ ጥግ ይጀምር። የተረፈው 1 ወይም 2 ሊትር ክዳኑ በደንብ ተመትቶ፣ ላዩ ላይ የቀለሙ ስም፣ ቁጥር፣ የምርት ቁጥርና የተቀባው ክፍል ተጽፎበት በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ይኸው መረጃ በኪራይ ውሉ አባሪ ላይ ቢሰፍር ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። «ግድግዳው ክሬም ነው» ብቻ የሚል አባሪ ተከራዩ ሲለቅ ያገኘውን ክሬም ሁሉ እንዲቀባ ይፈቅድለታል። አከራዩም ሎሚ የመሰለውን ግድግዳ እያየ የሚከራከርበት ሰነድ አይኖረውም።